የአንድ ሐረግ የዘር ሐረግ፦ ቡገንቪሊያ በቤታችን ግድግዳ ላይ



በአማርኛ «ሐረግ» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም ይሸከማል። ድጋፍ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ተክል ሐረግ ነው፤ የትውልድ ቆጠራ የዘር ሐረግ ይባላል፤ በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ የሚሣለውም ጌጥ ሐረግ ነው። ዛሬ በየአጥራችንና በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምናየውን የቡገንቪሊያ የዘር ሐረግ እንቈጥራለን።

ተክሉ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም፤ መገኛው ደቡብ አሜሪካ ነው። በአውሮፓ የሳይንስ መዝገብ የገባው ፈረንሳዊው ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ከ1766 እስከ 1769 እ.ኤ.አ. ዓለምን ለመዞር በመራው የባሕር ጉዞ ምክንያት ነው። በ1767 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ናሙናው ተሰበሰበ። የጉዞው የዕፀዋት ሊቅ ፊሊበር ኮሜርሶን ተክሉን በአዛዡ ስም ጠራው፤ አንትዋን ሎራን ደ ዡስዬም በ1789 ስሙን በመጽሐፍ አሳተመው።

ይሁንና ስም የሚያወጣና ሸክም የሚሸከም ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ኮሜርሶን እግሩን ይታመም ነበር። ረዳቱ ዣን ባሬ ሴት ነበረች፤ በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከቦች ሴት እንዳትሳፈር ይከለከል ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ ተጓዘች። የሪዮውን ናሙና የቈረጠችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይህ ሚዛን የሚደፋ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የተረጋገጠው ግን ይበቃል፦ ቡገንቪል ራሱ በጉዞ ማስታወሻው፣ በማጄላን ወሽመጥ በረዷማ ተራሮች ላይ ስንቁን፣ መሣሪያውንና የዕፀዋቱን ማኅደር ተሸክማ ጌታዋን እንደተከተለች መስክሯል። በ1785 የፈረንሳይ መንግሥት በዓመት 200 ሊቭር ጡረታ ቈረጠላት። ኮሜርሶን በስሟ ሊሰይመው ያሰበው የተክል ወገን ግን አልጸናም። ዘላቂ ስም ያገኘችው በ2012 ነው፤ ድንችና እምቧይ ከሚመደቡበት ወገን የሆነ አንድ ተክል በእርሷ ተሰየመ።

የተክሉን ጠባይ ብንመረምርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ሐምራዊው፣ ቀዩና ብርቱካናማው ድምቀት አበባው አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ቀጭንና ነጣ ያለች ቱቦ ናት። ቡገንቪሊያ እንደ ወይን ተጠምዝዞ የሚይዝ ክርም የለውም፤ በእሾሁ እየተደገፈ ይንጠላጠላል እንጂ ግድግዳውን በራሱ አይጨብጥም። ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ሽቦ ወይም እንጨት የሚዘረጋለት፣ ቅርንጫፉን የሚያስርለት፣ አበባው ሲያበቃም የሚገርዘው ሰው ያስፈልገዋል። ውኃ ከበዛበት ቅጠሉ ይበረክታል፤ አበባው ይቀንሳል።

ከዚህ የምወስደው የታሪክ ትምህርት አንድ ነው። ስያሜ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የሥልጣን ማስረጃ እንጂ የድካም ማስረጃ አይደለም። የአዛዡ ስም በዓለም ግድግዳ ሁሉ ላይ ሲያብብ የተሸካሚዋ ስም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። እናንተም የከተሞቻችንን ቤቶች ታሪክ ስትጽፉ የባለቤቱንና የመሐንዲሱን ስም በውል ላይ ታገኛላችሁ። ሐረጉን የተከለውንና ያሰረውን አትክልተኛ ግን የት ታገኙታላችሁ? በመዝገብ ካጣችሁት፣ በሕይወት ሳለ ሄዳችሁ ጠይቁት።