የግል ኮሌጆች በኢትዮጵያ፦ የትምህርት መርሐ ግብሮች፣ የተማሪዎች ሕይወትና ከምዝገባ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

የግል ኮሌጅ ማለት በግለሰብ፣ በአክሲዮን ማኅበር ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ አካል የሚቋቋም፣ ከመንግሥት መደበኛ በጀት የማይመደብለትና ወጪውን በዋናነት ከተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ የሚሸፍን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነው። ተቋሙ የግል ቢሆንም የሚሰጠው ዲግሪ ሀገራዊ ዋጋ ያለው ሰነድ በመሆኑ፣ የሚያስተምርባቸው መርሐ ግብሮች፣ ተማሪ የሚቀበልበት መስፈርትና ተማሪውን የሚያስመርቅበት ሁኔታ በሀገሪቱ ሕግ የሚመራ ነው። ይህ ጽሑፍ በግል ኮሌጆች ለመማር ለሚያስቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ስለ ትምህርት መርሐ ግብሮቹ አደረጃጀት፣ ስለ ተማሪዎች የዕለት ተዕለት ሕይወትና ከምዝገባ በፊት መረጋገጥ ስላለባቸው ጉዳዮች አጠቃላይ መረጃ ይሰጣል።

አጭር ታሪካዊ ዳራ

ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ዘርፉ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ የቆየ ሲሆን፣ በተለይ በደርግ ዘመን የግል ባለሀብት በዘርፉ የሚሰማራበት ምቹ ሁኔታ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የግሉ ዘርፍ በትምህርት ሥራ እንዲሳተፍ በር ከፈተ። ይህን ተከትሎ በቋንቋ ትምህርት ቤትነትና በአጫጭር ሥልጠና ሰጪነት ሥራ የጀመሩ ተቋማት ቀስ በቀስ ወደ ኮሌጅነት አደጉ። ዩኒቲና ቅድስት ማርያም ከዚህ ዓይነት ጅምር ተነሥተው የዩኒቨርሲቲነት ደረጃ ላይ ከደረሱት መካከል ይጠቀሳሉ።

የዘርፉ ሕጋዊ ማዕቀፍም በየጊዜው ተሻሽሏል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 የመጀመሪያው ዝርዝር ሕግ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። የተቋማትን ጥራትና አግባብነት የሚከታተል ኤጀንሲ በ1995ቱ አዋጅ የተቋቋመ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ዛሬ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይከናወናል።

የተቋማት ደረጃና የእውቅና ፈቃድ

በሕጉ መሠረት ኮሌጅ፣ ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። አንድ ተቋም በስሙ ላይ የሚጠቀምበት መጠሪያ ከተሰጠው ፈቃድ ጋር የሚጣጣም መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ለተማሪው ከተቋሙ መጠሪያ ይልቅ የሚመዝነው የሚማርበት መርሐ ግብር እውቅና ነው።

የእውቅና ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ በትምህርት መስክ፣ በትምህርት ደረጃ፣ በካምፓስና በትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ተለይቶ ይሰጣል። ለምሳሌ አንድ ኮሌጅ በአንድ ከተማ በሚገኘው ዋና ካምፓሱ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማስተማር ፈቃድ ማግኘቱ፣ ያንኑ ትምህርት በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ለማስተማር ወይም በርቀት ለመስጠት አያስችለውም። በኮምፒውተር ሳይንስ እውቅና ያለው ኮሌጅም በነርሲንግ እውቅና አለው ማለት አይደለም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ያለው በመሆኑ በየወቅቱ መታደስ ይኖርበታል። ባለሥልጣኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአዲስ መስፈርት ዳግም የመመዝገብ ሥራም ስላካሄደ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረ መረጃ ዛሬም ይሠራል ብሎ መውሰድ አያስተማምንም።

እውቅና በሌለው መርሐ ግብር የተማረ ሰው የሚደርስበት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። ተማሪው ሦስትና አራት ዓመት ከፍሎ ከተማረ በኋላ ሥራ ሲያመለክት፣ የደረጃ ዕድገት ሲጠይቅ ወይም ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ ማስረጃውን ሲያቀርብ ሰነዱ አይረጋገጥለትም። የጠፋውን ገንዘብ ማስመለስ አስቸጋሪ ሲሆን፣ የጠፋውን ጊዜ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ማስረጃውን የሚያረጋግጠው አካል ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ጥያቄውን ከምዝገባ በፊት ማቅረብ የተሻለው መንገድ ነው።

የመግቢያ መስፈርት

የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ለመጀመር የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ብሔራዊ ፈተና ውጤት ያስፈልጋል። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው እንዲወስዱት የተደረገ ሲሆን፣ ማለፊያው 50 በመቶ ሆኖ ተወስኗል። በዚያው ዓመት ይህን ውጤት ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ከማለፊያው በታች ሆነው የተወሰነ ነጥብ ላገኙ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።

መስፈርቱ ለመንግሥትም ሆነ ለግል ተቋማት የሚሠራ ነው። «የግል ኮሌጅ ውጤት አይጠይቅም» የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ሲሆን፣ መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ በትምህርቱ ጎበዝ ቢሆን እንኳ በመጨረሻ ማስረጃው ላይ ችግር ይገጥመዋል። የየዓመቱ የመቁረጫ ነጥብ በትምህርት ሚኒስቴር የሚገለጽ በመሆኑ ተማሪው ፈተናውን ለወሰደበት ዓመት የወጣውን ነጥብ መመልከት ይኖርበታል።

ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር የሚፈልጉ ሠልጣኞችም ሥልጠናውን ማጠናቀቃቸው ብቻውን በቂ አይደለም። ደረጃው የሚጠይቀውን የብቃት ምዘና ማለፋቸውንና በወቅቱ የሚሠራውን የመሸጋገሪያ መመሪያ ማሟላታቸውን ማረጋገጥ አለባቸው።

የትምህርት መርሐ ግብሮች

በግል ኮሌጆች በስፋት የሚሰጡት የቢዝነስ፣ የኮምፒውተርና የጤና ትምህርቶች ናቸው። አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና ሕክምና ላቦራቶሪ ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። የቢዝነስ መስኮች የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ከላቦራቶሪና ከወርክሾፕ ይልቅ የመማሪያ ክፍል፣ መጻሕፍትና መምህር የሚጠይቁ በመሆናቸው በአነስተኛ ካፒታል መጀመር መቻላቸው ነው። በአንጻሩ የጤና ትምህርት የሠርቶ ማሳያ ክፍል፣ ላቦራቶሪና ከሆስፒታል ጋር የተፈረመ የተግባር ልምምድ ስምምነት ስለሚሻ ተማሪው እነዚህ መኖራቸውን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪዎች የጋራ ነው። በዚህ ዓመት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ልቦና፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂል፣ ሥራ ፈጠራና የመሳሰሉት ይሰጣሉ። እንደ ምህንድስና ያሉ መስኮች ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይወስዳሉ። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ በቋንቋው ላይ ድክመት ያለበት ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ለዚህ ሊጠቀምበት ይገባል።

ትምህርቱ በክሬዲት ሰዓት ይለካል፤ ውጤት በሴሚስተር ተሰልቶ በአማካይ ነጥብ ይገለጻል። ለመመረቅ አጠቃላይ አማካይ ነጥቡ ከ2.00 ማነስ የለበትም። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ፕሮጀክት፣ በብዙ መስኮችም በመሥሪያ ቤት የሚከናወን የተግባር ልምምድ አለ።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ጊዜ

መደበኛ መርሐ ግብር በቀን የሚሰጥ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የሚመጡ ወጣቶች የሚማሩበት ነው። የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብሮች ለሠራተኞች የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ በአንድ ሴሚስተር የሚወሰደው የትምህርት መጠን አነስተኛ ስለሆነ የትምህርቱ ዘመን ይረዝማል። የርቀት ትምህርት ደግሞ በሞጁል፣ በመልመጃዎችና በማስተባበሪያ ማዕከላት በሚሰጥ የገጽ ለገጽ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። በርቀት የሚገኘው ነፃነት ከፍተኛ ራስን የመቆጣጠር ልማድ ይጠይቃል፤ ሞጁሉን ለፈተና ሰሞን ብቻ የሚከፍት ተማሪ በመውጫ ፈተናው መቸገሩ አይቀርም።

የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም ይሁን በግል ተቋም የተማረ፣ ለመመረቅ ሀገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ቀደም ሲል በሕግ ትምህርት ይሰጥ የነበረ ሲሆን አሁን ሁሉንም መስኮች ያካትታል። በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ለግሉ ዘርፍ ከባድ መልእክት የያዘ ነበር። ፈተናውን ከወሰዱት 150,184 ተማሪዎች 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ያለፉ ሲሆን፣ ልዩነቱ የጎላው በተቋማቱ መካከል ነው። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 ወይም 62.4 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ወይም 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው።

እነዚህን አኃዞች በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት መካከል እየሠሩ በማታና በርቀት የሚማሩ ይገኙበታል፤ በ12ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች በአብዛኛው ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መመደባቸውም ይታወቃል። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የማስተማር ድክመት ውጤት ነው ሊባል አይችልም። ያም ሆኖ ከስድስት የግል ተቋም ተማሪዎች አንዱ ገደማ ብቻ ማለፉ፣ ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት ተቋሙ በሚፈለገው መስክ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱን እንዳሳለፈ መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል። ይህን ጥያቄ በአኃዝ የሚመልስ ተቋም በሥራው የሚተማመን ነው።

ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ በቀጣይ ዙር በድጋሚ የመውሰድ ዕድል አለው። የጤና ትምህርት ተመራቂዎች ደግሞ ከመውጫ ፈተናው በተጨማሪ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ምዘና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

የተማሪዎች ሕይወት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በአብዛኛው ከቤተሰቡ ርቆ በተመደበበት ግቢ ያድራል፣ ይመገባል፤ ወጪውንም በከፊል ከተመረቀ በኋላ በወጪ መጋራት ሥርዓት ይከፍላል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ሕይወት ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች መኝታ ቤትና የምግብ አገልግሎት የሌላቸው በመሆኑ ተማሪው ከቤተሰቡ ወይም ከዘመድ ጋር፣ አልያም ከጓደኞቹ ጋር በተከራየው ክፍል ይኖራል። በመሆኑም የትምህርት ክፍያ ብቻውን የወጪው መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የጽሑፍ ማባዣና የኢንተርኔት ወጪ አብረው መታሰብ አለባቸው።

ብዙ ኮሌጆች በከተማ መካከል በሚገኙ ሕንፃዎች ላይ የተደራጁ በመሆናቸው ሰፊ ግቢና የስፖርት ሜዳ ላይኖራቸው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ቤተ መጻሕፍቱ ከማንበቢያ ቦታነት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ተማሪዎች የሚተዋወቁበት፣ የጥናት ቡድን የሚያቋቁሙበትና ከከፍተኛ ተማሪዎች ምክር የሚያገኙበት ቦታ ነው። የተማሪዎች ኅብረት፣ የሥነ ጽሑፍና የበጎ አድራጎት ክበባት ባሉባቸው ተቋማት መሳተፍ ተማሪው የብቸኝነት ስሜት እንዳይሰማው ይረዳዋል።

የማታ ተማሪዎች ከሥራ በቀጥታ ወደ ክፍል የሚገቡ ሲሆን፣ ትምህርት ሲያበቃ የትራንስፖርት እጥረት ያጋጥማቸዋል። በተለይ ለሴት ተማሪዎች የመውጫ ሰዓቱና የአካባቢው ደኅንነት ኮሌጅ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች ናቸው። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ሕንፃው መወጣጫ ወይም የሚሠራ አሳንሰር እንዳለው አስቀድመው ቢያዩ ይመከራል።

ክፍያን በሚመለከት፣ ብዙ ቤተሰቦች ለአንድ ልጅ ትምህርት ከበርካታ ዘመዶች ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ በውጭ ሀገር የሚገኙ ወገኖችም የሚያግዙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ክፍያ ሲዘገይ ተማሪው ከፈተና የሚታገድበት ሁኔታ ሊኖር ስለሚችል፣ የክፍያ ጊዜ፣ የቅጣት መጠንና ትምህርት ሲቋረጥ የሚመለስ ገንዘብ ካለ በጽሑፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከምዝገባ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

ተማሪዎችና ወላጆች ከመመዝገባቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

1. የሚፈለገው የትምህርት መስክ፣ በሚፈለገው ደረጃ፣ በዚያው ካምፓስና በተመረጠው መርሐ ግብር በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታደሰ እውቅና ያለው መሆኑ፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለን ፈቃድ ማየት ብቻ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ማጣራት፤

2. ተማሪው የ12ኛ ክፍል ፈተና ለወሰደበት ዓመት የወጣውን የመግቢያ መስፈርት ማሟላቱ፤

3. ኮሌጁ በመውጫ ፈተና በመስኩ ያስመዘገበው ውጤት፤

4. የመምህራን ብዛትና የትምህርት ደረጃ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ክፍልና የላቦራቶሪ ሁኔታ፤

5. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓመት የሚኖረው ጠቅላላ ክፍያና የጭማሪ አሠራሩ።

ከተመዘገቡ በኋላም የክፍያ ደረሰኝ፣ የምዝገባ ቅጽና የየሴሚስተሩ የውጤት መግለጫ በጥንቃቄ መቀመጥ አለባቸው። ኮሌጅ ቢዘጋ፣ ቢዛወር ወይም ተማሪው ወደ ሌላ ተቋም መሸጋገር ቢፈልግ የተማረውን ትምህርት ለማስረዳት የሚያገለግሉት እነዚህ ሰነዶች ናቸው። የዝውውር ትምህርት ተቀባይነት የሚወሰነው በተቀባዩ ተቋም ስለሆነ፣ ነባሩን ኮሌጅ ከመልቀቅ በፊት የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የግል ኮሌጆች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ላላገኙ ወጣቶች፣ ሥራቸውን ሳይለቁ ለመማር ለሚፈልጉ ሠራተኞችና ከቤተሰባቸው ርቀው መሄድ ለማይችሉ እናቶች ሰፊ ዕድል ፈጥረዋል። ዕድሉ ፍሬ የሚያፈራው ግን ተቋሙ በእውቅናው መሠረት ሲያስተምር፣ ተማሪውም ዲግሪ በክፍያ ሳይሆን በብቃት የሚገኝ መሆኑን ተገንዝቦ ሲማር ነው። ከምዝገባ በፊት እውቅናን ለማጣራት የሚወስደው ጥቂት ቀን የአራት ዓመት ድካምና ወጪን ከከንቱ መቅረት ይታደጋል።