ሰጋቱራው ተጠረገ፣ አቧራውስ?

እንጨት ሥራ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይቺን ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ በጨረሩ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ብናኝ ይንሳፈፋል። ከጨረሩ ውጪ ያለው አየር ግን ንጹሕ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም! አቧራው እዚያም አለ፤ የሚያሳየን ብርሃን ስለሌለ ነው የማናየው። ዛሬ የምናወራው ሰዎች ይህንን አቧራ ለመያዝ ስላደረጉት ሙከራና፣ በጓሮው ትንሽ እንጨት ቤት የከፈተ ሰው ዛሬም ለምን በቀላሉ እንደማይገላገለው ነው።

በነገራችን ላይ «ሰጋቱራ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ትርጉሙ ያው ነው። የሙያ በሽታዎችን ታሪክ የጀመረውም ጣሊያናዊ ሐኪም ነው ማለት ይቻላል፤ በርናርዲኖ ራማዚኒ። እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሥራህ ምንድን ነው?» መሆን አለበት ያለው እሱ ነው። ዛሬ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ሐኪሞች ለድሃ የእጅ ባለሙያ ሥራ ብዙም ግድ አልነበራቸውም። ራማዚኒ በ1713 መጽሐፉን ሲያሰፋ ስለ እንጨት ሠራተኞችም ምዕራፍ ጨመረ። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ማሽኑ። አቧራ መሰብሰቢያ የተፈጠረው ለሳንባ ታስቦ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰዎችን ያስጨነቀው እሳት ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1878 አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ዋሽበርን የተባለው ግዙፍ የዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞቱ። ያፈነዳው ባሩድ አይደለም፤ በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ነው። ክምር ዱቄት በቀላሉ አይቀጣጠልም። ብናኝ ሆኖ ሲንሳፈፍ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በኦክስጅን ስለምትከበብ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይነዳል። የእንጨት አቧራም እንደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው አቧራን ከአየር የመለየት ሥራ የተፋጠነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ፊንች የተባለ አሜሪካዊ ዛሬ «ሳይክሎን» የምንለውን መሣሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። አሠራሩ ደስ ይላል። አቧራ የተሸከመው አየር ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ በርሜል ውስጥ ከጎን ይገባና እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ከበድ ያለው ቅንጣት ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሚፈልግ ከግድግዳው ይጋጫል፤ ፍጥነቱን አጥቶ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል። አየሩ ደግሞ በመሐል ባለው ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። የሚዘጋ ጨርቅ የለ፣ የሚሰበር ጥርስ የለ። ብዙ እንጨት መሰንጠቂያዎች ጣሪያቸው ላይ ተከሉት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን ቫኪዩም የሠራው እንዲህ ዓይነቱን የመሰንጠቂያ ሳይክሎን አይቶ ነው፤ 5,127 ናሙና ፈጅቶበታል።

ሳይክሎን ግን አንድ ድካም አለው። ከባዱን ይይዛል፣ ቀላሉን ይለቃል። መላጊያ የሚያወጣውን ፍቅፋቂና ሰጋቱራውን ይሰበስባል፤ ጥቂት ማይክሮን የምታክለው ብናኝ ከአየሩ ጋር ተሽከርክራ፣ ከአየሩ ጋር ትወጣለች። (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የፀጉራችሁ ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል።) ፋብሪካውን ይህ አላስጨነቀውም። ወለሉ ከጸዳ፣ እሳትም ካልተነሳ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።

ታሪኩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሃይ ዊኮምብ የምትባል ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ናት፤ በዙሪያዋ ካሉት ኮረብታዎች «ቢች» የተባለውን ዛፍ እየቆረጡ ወንበር ሲሠሩ ትውልድ አልፏል። በ1960ዎቹ እዚያ የምትሠራ ኤስሚ ሃድፊልድ የተባለች ከአንገት በላይ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለች። የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር፣ በተለይም አንድ ዓይነቱ፣ እጅግ ብርቅ በሽታ ነው፤ አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ጥቂት ቢያይ ነው። እሷ ጋ ግን ይደጋገማል። በሽተኞቹስ ምን ይሠራሉ? ወንበርና ቁም ሳጥን! የራማዚኒ ጥያቄ ከ250 ዓመት በኋላ መልስ ሰጠች። ሃድፊልድ ከኦክስፎርዱ ሐኪም ከሮናልድ ማክቤዝና ከተመራማሪው ዶናልድ አቼሰን ጋር ሆና ጉዳዩን መረመረች፤ ውጤቱ በ1968 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የእንጨት ሠራተኞቹ አደጋ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ጊዜው ነው። አቧራውን መተንፈስ ከጀመሩበት በሽታው እስከታየበት ብዙውን ጊዜ ዐሥርት ዓመታት ያልፋሉ። በ15 ዓመቱ ሥራ የገባ ልጅ ሂሳቡን የሚከፍለው ሽማግሌ ሆኖ ነው። ታዲያ ማን ከሰጋቱራ ጋር ያያይዘዋል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ተርታ የመደበው በ1995 ነው፤ ሳይክሎን ከተፈጠረ ከ110 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትልልቁ ቅንጣት አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፤ ደቃቁ እስከ ሳንባ ይዘልቃል። እና ሁለቱም ጣጣ አላቸው።

ወደ ጓሯችን እንመለስ። አንድ ሰው ክብ መጋዝና መላጊያ ማሽን ገዝቶ በትንሽ ክፍል ሥራ ጀመረ እንበል። የወረሰው የፋብሪካውን አስተሳሰብ ነው፤ ወለሉን ማጽዳት። አቧራ መሳቢያ ማራገቢያ ገዝቶ የጨርቅ ከረጢት ያስርበታል። ጨርቁ ሳሳ ያለ ከሆነ ሰጋቱራውን ይይዝና ደቃቁን በቀዳዳዎቹ እያነፈሰ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። ይህ ወንፊት እንጂ ማጣሪያ አይባልም! ከዚህ የሚብሰው ሲመሽ በኮምፕሬሰር ንፋስ ልብስንና ወለልን ማራገፍ ነው።

ቱቦውም ሂሳብ አለው። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ መሮጥ አለበት። የ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ስፋቱ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት እጥፍ ከሩብ ስለሆነ፣ በዚሁ ፍጥነት ያንኑ ያህል የበለጠ አየር ይስባል። ደቃቁን ብናኝ ከማሽኑ አፍ ላይ ሳይበተን የሚይዘው ደግሞ የአየሩ ብዛት ነው። ስለዚህ የቫኪዩም ቀጭን ጎማ ብርጭቆ ወረቀት ለሚታሰርበት የእጅ ማሽን ይበቃል፣ ለመላጊያ ማሽን ግን አይሆንም። አቅም ለሌለው ቀላሉ መፍትሔ ከማጣሪያ ጋር አለመታገል ነው፦ ክዳን ባለው በርሜል ከባዱን ማስቀረት፣ ማራገቢያውን ከግድግዳው ውጪ ማድረግና፣ አየሩን ጎረቤት በሌለበት በኩል ወደ ደጅ ማስወጣት። በሩ ደግሞ ገርበብ ይበል፤ የሚወጣውን የሚተካ አየር ካልገባ ማራገቢያው በከንቱ ይጮኻል። ኤን 95 ጭምብልም አይቅር።

የሠራው መሥራቱን ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ሙከራዋ ነፃ ናት። ሥራ ካበቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሲመሽ፣ መብራቱን አጥፉና ባትሪ አብሩ። መቶ ማይክሮን የምታክለዋ ቅንጣት በሰከንዶች ውስጥ ወድቃለች፤ አንድ ማይክሮኗ ከወገብ ከፍታ መሬት እስክትደርስ ሰዓታት ይፈጅባታል። በብርሃኑ ውስጥ እየተንሳፈፈ የምታዩት እሱ ነው።