ድምፅ እንዳይቆራረጥ፦ በኔትወርክ ስዊች ላይ ቅድሚያ የመስጠት አሠራር

በኢንተርኔት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ብዙ መስመር አይፈጅም። የተናጋሪው ድምፅ በተለምዶ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተከፈለ፣ በሰከንድ 50 ትንንሽ ፓኬቶች ሆኖ ይጓዛል፤ ሁሉም ተደምሮ በሰከንድ 100 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። ሆኖም በዚያው ቢሮ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር ድምፁ ይቆራረጣል። ለዚህ ምክንያት የሚሆነው የመስመሩ ጥበት ብቻ አይደለም፤ የወረፋው ሥርዓትም ነው።

ስዊች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ስልኮችንና ካሜራዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ፓኬቶች በአንድ መውጫ ለማለፍ ሲጋፉ ይሰለፋሉ። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው ስዊቹ ቀድሞ የመጣውን ያስቀድማል። ፋይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይለውም። ለድምፅ ግን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ የድምፅ ፓኬት እንደጠፋ ይቆጠራል።

ቅድሚያ ለመስጠት በመጀመሪያ ፓኬቶቹ ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። 802.1ፒ የተሰኘው ከ0 እስከ 7 ያሉ ስምንት ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የሚሠራው በአካባቢው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው። ዲ ኤስ ሲ ፒ የሚባለውና በ1998 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) ደረጃ የወጣለት ሁለተኛው መንገድ 64 እሴቶች አሉት፤ ምልክቱም ራውተር ከተሻገረ በኋላ ከፓኬቱ ጋር ይቀጥላል። ለድምፅ የተለመደው እሴት 46 ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ የማንን ምልክት ማመን ይገባል የሚለው ነው። ስዊቹ የሁሉንም ከተቀበለ ማንኛውም ኮምፒውተር የራሱን ፋይል 46 ብሎ ሊያስቀድም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ስልክ የተሰካበትን ወደብ ብቻ እንዲያምን አድርጎ፣ ከሌሎቹ የሚመጣውን ምልክት ወደ 0 ይመልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ወረፋዎቹ ይከፈላሉ። ድምፅ የሚገባበት ወረፋ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፤ የተቀሩት ደግሞ በተመደበላቸው ድርሻ መጠን በየተራ ይስተናገዳሉ። ለመጀመሪያው ወረፋ ገደብ ካልተበጀለት ግን ሌሎቹ ፈጽሞ ተራ ላያገኙ ይችላሉ። በሙያው የተለመደው ምክር ከመስመሩ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተትም ከዚህ ይመነጫል፦ የኃላፊዎቹ ኢሜይል፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የስብሰባው ቪዲዮ ሁሉም ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ሁሉም ሲቀድም ደግሞ የሚቀድም አይኖርም።

ይህ አሠራር የመስመሩን ስፋት አይጨምርም። በሕዝብ ኢንተርኔት ላይም ምልክቱ በአብዛኛው አይከበርም። ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ሊያስተካክል የሚችለው ከቤቱ የሚወጣውን ወረፋ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ 1,500 ባይት የሚመዝን አንድ ፓኬት 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ከድምፁ ፊት 20 ያህሉ ቢሰለፉ መዘግየቱ 240 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። መፍትሔው በቤት ራውተር ላይ የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ አቅሙ 10 ሜጋቢት ከሆነ ወደ 9። በዚህን ጊዜ ወረፋው የሚፈጠረው በአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ሳይሆን ባለቤቱ ሊያዝዘው በሚችለው ራውተር ውስጥ ይሆናል።