ወልደመስቀል ኮስትሬ

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ (1947–2016) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የረጅም ርቀት ሩጫ አሠልጣኝ ነበሩ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኃይሌ ገብረሥላሴና ከቀነኒሳ በቀለ ጋር ነው፤ ይህ መጣጥፍ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው ባሠለጠኗቸው ሴቶች ላይ ነው። በአገሪቱ የአትሌቲክስ አሠልጣኞች ታሪክ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንና ከንጉሤ ሮባ ቀጥሎ ይጠራሉ። («ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር በመጣጥፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት

በወጣትነታቸው መካከለኛ ርቀት ሮጠዋል። ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሃንጋሪ ነው። ሃንጋሪ በ1950ዎቹ ሯጮቹን በአጫጭር ተደጋጋሚ ፍጥነቶች እያሠለጠነ የዓለም ክብረ ወሰን ያሰበረው የሚሃይ ኢግሎይ አገር በመሆኗ፣ የወልደመስቀልም አሠራር ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ይህ ከግምት ያለፈ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

የሴቶቹ ቡድን

በ1980 ወደ ሞስኮ ከተጓዘው የኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ ሴቶቹ 2 ብቻ ነበሩ። አገሪቱ ከ1984ቱም ከ1988ቱም ውድድር ራሷን አገለለች። ስለዚህ ቡድኑ በ1992 ባርሴሎና ሲገባ ከ12 ዓመት በኋላ መመለሱ ነበር። በ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ከፊት ሆና ስትመራ፣ የ20 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ ግን ከኋላዋ ተለጥፋ አልላቀቅም አለች። ማየር ደጋግማ ለማስቀደም ብትሞክርም እምቢ አለቻት። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ደራርቱ አፈትልካ ወጣችና በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሴኮንድ ቀድማ ገባች፤ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

በ1995 በደርሃም በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ደራርቱ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለ እንቅልፍ አንድ ቀን ሙሉ ከተጉላላች በኋላ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ደርሳ አሸንፋለች። በ2000 ሲድኒ ላይ፣ ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ፣ ያንኑ 10,000 ሜትር ዳግም ስታሸንፍ ጌጤ ዋሚ ሁለተኛ ወጣች። በአቴንስ በ2004 መሠረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደች። በቀጣዩ ዓመት በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በሴቶች 5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት በሙሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፦ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ። የ10,000ውንም ሦስት ሜዳሊያዎች ጥሩነሽ፣ ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ተከፋፈሉት።

የልምምድ ስፍራዎች

የሜዳሊያው ዝርዝር በየመዝገቡ አለ፤ ሜዳሊያው የተሠራበት መሬት ግን ብዙም አይጻፍለትም። ብሔራዊ ቡድኑ ከአዲስ አበባ ስታዲየምና ከእንጦጦ ጫካ ሌላ ዋና ከተማዋን የከበቡትን ከተሞች ይጠቀማል። ከመካከላቸው ሱሉልታ ቀዳሚው ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ሰርቪሱ ዳገቱን ተሻግሮ ሜዳው ዳር ይቆማል፤ ሯጮቹ ጤዛውን እየረገጡ በግጦሽ ላይ ባሉ ከብቶች መሃል ረድፍ ይዘው ይዞራሉ። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ ጉልበት አይጎዳም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ደግሞ ሳንባን ያለማምዳል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ልምምዱም ወደ ኮረኮንች ይዛወራል።

በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለምትል ለፍጥነት ቀናት ትመረጣለች፤ ኦክስጅኑ ሻል ስለሚል እግር ይፈታል። አስፋልት ላይ ረጅም ርቀት መሮጥ ያለበት ሰው መኪና ሳይበዛ ማለዳ ይወጣል። በአምቦ መንገድ፣ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ያለችው ቡራዩ በሩጫ ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም አትጠቀስም። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። በሱሉልታ በኋላ የያያ ቪሌጅ ማረፊያና የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ተሠርተዋል።

«ያፈራቸው» ማን ነው?

ይህ ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽና ቀነኒሳ ሁሉም የቦቆጂ ልጆች ናቸው። እዚያ በስፖርት መምህርነት ያገለገሉት ስንታየሁ እሸቱ ብዙዎቹን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል፤ በ2012 ስለ ከተማዋ የወጣው ዘጋቢ ፊልምም በእሳቸው ሥራ ላይ ያተኩራል። ከቦቆጂ ቀጥሎ ክለቦቹ አሉ፤ ደመወዝ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። ብሔራዊ አሠልጣኙ አትሌቷን የሚረከበው በመጨረሻ ነው፤ ስሙ ከሜዳሊያው ጋር የሚታየው ግን የእሱ ነው። ፋጡማ በ1996 አትላንታ ያገኘችው የማራቶን ወርቅ ወልደመስቀል ባስገኟቸው ድሎች ዝርዝር ይቆጠር አይቆጠር የሚለውም ክርክር ከዚሁ የመጣ ነው፤ ማራቶን ለብቻው ይሠለጥናልና።

በሌላ ስፖርት ነገሩ ቀላል ነው። ከ1974 እስከ 2012 የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የመሩት አሜሪካዊቷ ፓት ሰሚት 1,098 ድልና 8 የኮሌጅ ሻምፒዮና አስመዝግበዋል። ጨዋታው ስለሚቆጠር አሠልጣኟም አብራ ትቆጠራለች። ለሩጫ አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም።

ሽልማትና ዕረፍት

በ2006 የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበራት ፌዴሬሽን የአሠልጣኝነት ሽልማት ተሰጣቸው። ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. (16 ሜይ 2016) በ69 ዓመታቸው አረፉ።