ምስልና ድምፅ ሲፋቱ

ነገሩን ከመካነ ሰላም ልጀምር። ዛሬ እዚያ ሠርግ የሚቀርጽ ወጣት ቪዲዮውን ኮምፒዩተር ላይ ካስገባ በኋላ ድምፁን ብቻ ነጥሎ እንደ ኦዳሲቲ ወዳለ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሊልከው ይችላል። የቦረናን ደጋ ነፋስ ጉርምርምታ ይቀንስና መልሶ ከምስሉ ሥር ያስቀምጠዋል። ርዝመቱን ግን መንካት የለበትም። ከመሀል ግማሽ ሰከንድ የቆረጠ እንደሆነ፣ ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ምርቃታቸው ይሰማል፤ «አሜን» ባዩም ሕዝብ ራሱን ይቀድማል።

ምስልና ድምፅን ለየብቻ ማረም ግን የኮምፒዩተር ፈጠራ አይደለም። በ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ይነሣ የነበረው በ16 ሚሊ ሜትር ነው። ምስሉ በካሜራው ፊልም ላይ፣ ድምፁ ደግሞ ፖላንድ ተወላጁ ስቴፋን ኩደልስኪ ስዊዘርላንድ ውስጥ የፈለሰፈውን ናግራን በመሰለ መቅረጫ፣ በሌላ ቴፕ ላይ ይቀመጥ ነበር። አርታዒው ሁለቱን ጥቅል ጎን ለጎን ያስኬዳል። ምስሉን ሲቆርጥ ድምፁን ሳይቆርጥ መተው ይችላል፤ የሕፃን ለቅሶ የራሱን ምስል አልፎ በሌላ ምስል ሥር እንዲሰማ ማድረግ ቀላል ሥራ ነው። የሙያው ጉልበትም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

ወሎ ይህን የመቀስ ጉልበት ያየችው በራሷ መከራ ነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ረሃቡን በፎቶግራፍ አንሥተው ግቢ ውስጥ አሳዩ። ፎቶግራፍ ግን ድምፅ የለውም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ «ያልታወቀው ረሃብ» የሠራው ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ የእንግሊዝ ሕዝብም እጁን ዘረጋ።

ደርግ ያንኑ ፊልም ወሰደና ከቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ምስል ጋር እያፈራረቀ አጋጠመው። በእንቁጣጣሽ ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደጃፍ የተፈጸሙ ያስመሰላቸው መጋጠሚያው ነው። ይህን የምለው ንጉሡን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ረሃቡ መደበቁ ብቻውን በቂ ክስ ነበርና፣ ለእኔ መቀሱ ባያስፈልግም ነበር። ውሾቹ እስከ ዛሬ ሲወሱ፣ ያለቀው ሕዝብ ግን ለውሾቹ ታሪክ ማጀቢያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስለ ወሎ የተሠራውን ፊልም በዚያች ማታ የወሎ ገበሬ አላየውም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ ገና የአዲስ አበባ ሰው ዕቃ ነበር። ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ከገደልና ከሸለቆ ማዶ ላሉት ለቦረናና ለሳይንት ሰዎች የመጣላቸው የሬዲዮ ድምፅ ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው አዋጁን ሰማ፤ ለጎረቤቱም ነገረው። ምስሉ አልተከተለም።