ፍቅርና ጥርጣሬ በአንድ ብርጭቆ ወተት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ለነጋዴ ደግ ምክር ነው። ለባልና ሚስትስ?

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፉ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ያልጠረጠረው ነገር የለም፤ የገዛ አካሉን ሳይቀር። መቼም ምቹ ጥርጣሬ ነው። ቢሳሳትም እራቱን የሚመርዝበት የለም።

ልክ በ300 ዓመቱ፣ በ1941፣ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሰስፒሽን» የተባለውን ልብ አንጠልጣይ ፊልም አወጣ። ጆአን ፎንቴይን የምትጫወታት ሚስት «ባሌ ሊገድለኝ ነው» ብላ ትሰጋለች። ባልየው፣ ኬሪ ግራንት፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞላት በጨለማው ደረጃ ይወጣል። ዓይናችን ከወተቱ እንዳይነቀል ሂችኮክ ብርጭቆው ውስጥ አምፖል ከቶበታል። ልብ በሉ፤ ወተቱ ያው ወተት ነው። ለሚያምን ፍቅር፣ ለሚጠረጥር መርዝ። ፊልሙ የተወሰደበት የ1932ቱ ልብ ወለድ ባልየውን ገዳይ ያደርገዋል፤ ፊልሙ ግን ውሸታም እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለም ብሎ ይለቀዋል። ያው ባል፣ ሁለት ፍርድ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኦቴሎ ላይ ስንደርስ የምንከራከረውም ይኸንኑ ነበር። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀው ያ ጀግና ማስረጃ ብሎ የያዘው አንድ መሐረብ ነው። የጠረጠረ ልብ መሐረብ አያጣም።

ታዲያ ማመን ይሻላል እንዳንል፣ በ1944 የጆርጅ ኪዩኮር «ጋስላይት» መጣ። እዚህ ባልየው እውነትም ወንጀለኛ ነው። ማታ ማታ ጣሪያ ሥር ጌጥ ሲፈልግ የቤቱ የጋዝ መብራት ይደበዝዛል፤ ሚስቱን፣ ኢንግሪድ በርግማንን፣ «የምታይው በሐሳብሽ ነው» ይላታል። እሷም ባሏን ከመጠርጠር የገዛ ዓይኗን መጠርጠር ይቀላታል። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2022 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው ከዚሁ ፊልም ስም የወጣውን ቃል ነው።

ምን አዳናት? አንድ ፖሊስ ቤቷ ገብቶ መብራቱ ሲደበዝዝ አብሯት አየ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዴካርት ከጥርጣሬው በሐሳቡ ብቻ ወጣ፤ ፍቅር ውስጥ ያለ ሰው ግን «እኔም አየሁ» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

እኔ እምለው፣ ፍቅር ያለ ማስረጃ እመነኝ ቢል መብቱ ነው፤ ያለዚያ ፍቅር አይሆንም። «ያየሽውን አላየሁም በይ» ሲል ግን ያኔ መጠርጠር ነውር አይደለም። ለጎረቤትም መንገር።