ጠላና ቢራ በቆላ፤ በጋምቤላ ስለ መጠጥ ማቆያና ማቅረቢያ ሙቀት የቀረበ ሐተታ

ከደጋ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ እንግዳ ቶሎ ከሚሰጣቸው ፍርዶች አንዱ ስለ መጠጥ ነው። በእናቱ ጓዳ ጠላ በጋን ተከድኖ ሰንብቶ ሲጠጣ ያየ ሰው፣ በባሮ ዳር የማሽላ ጠላ እንደ ደረሰ ወዲያው ተጠጥቶ ሲያልቅ ባየ ጊዜ «የአገሩ ሰው ማቆየትን አያውቅም» ይላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ መጠጥን በሚስማማው ሙቀት የማቆየትና የማቅረብ ጥያቄ በሁሉ አገር አንድ መልስ የለውም። ደገኛው ጥያቄውን በቦታ ሲመልሰው ቆለኛው በጊዜ መልሶታል።

አስቀድመን ደጋውን እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን የዓመቱ አማካይ ሙቀትዋ ወደ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ያለ ጨለማ ጓዳ፣ ውጭው በቀን ቢሞቅ በሌሊትም ቢበርድ፣ ብዙ አይለዋወጥም። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ቢራቸውን በምድር ቤት የሚያኖሩበት ሙቀት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ መሆኑን ስናስታውስ፣ የደጋው ጓዳ ከዚያ እምብዛም ያልራቀ የተፈጥሮ ማቆያ መሆኑ ይገለጥልናል። በዚህም ላይ ባለሙያዋ የራስዋን ጥበብ ትጨምራለች። ጋኑን በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ የጌሾው መራራነት መጠጡን የሚያበላሹ ረቂቅ ተሐዋስያንን ይገታል፤ የጋኑም አፍ ተመርጎ አየር እንዳይገባ ይደረጋል። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ግን ጠላው ይሆመጥጥ ጀመር ማለት ነው፤ ስለዚህ በደጋም ቢሆን የማቆየት ኃይል ወሰን አለው።

አውሮፓም ቢሆን ሙቀትን ያሸነፈው በቅርብ ዘመን ነው። የባቫሪያው መስፍን አልብሬሕት 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1553 ባወጣው ደንብ፣ ከአፕሪል 23 ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እስከ ሴፕቴምበር 29 ቀን እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል ድረስ ቢራ መጥመቅ ተከልክሎ ነበር። ምክንያቱም በበጋው ሙቀት የተጠመቀ ቢራ በቀላሉ ይበላሽ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ የባቫሪያ ሰው ሙቀቱን ሊያሸንፈው ባልቻለ ጊዜ በዘመን መቁጠሪያ ሸሽቶታል ማለት ነው። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1876 አሳተመ፤ ካርል ፎን ሊንደም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ለጠማቂዎች የሚሆን የማቀዝቀዣ መኪና ሠራ። ቢራ በማናቸውም ወር ሊጠመቅና ወደ ሩቅ አገር ሊላክ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንውረድ። ከተማዋ የምትገኘው በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ያልፋል፤ በዓመቱም ውስጥ ብርድ ተብሎ የሚጠራ ወር የለም። የባቫሪያው ሰው የሚሸሽበት ክረምት ነበረው፤ የባሮ ዳር ሰው ግን የሚሸሽበት ወር ስለሌለው የመጠጡን ዕድሜ ማሳጠር ነበረበት። የኑዌርና የአኙዋ የማሽላ ጠላ ጌሾ የለበትም። ከበቀለ እህል ይዘጋጃል፤ በሙቀቱ ብዛት ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎም ይሆመጥጣል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የታወቀው ቦርዴም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ ገና እየፈላ ሳለ ይቀርባል፤ መልካም ጣዕሙም ከአንድ ቀን ብዙ አያልፍም። እንዲህ ያለው መጠጥ ወፍራምና ምግብነት ያለው ስለ ሆነ በረዶ እስኪመስል እንዲቀዘቅዝ አይፈለግም። ትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛውን ሙቀት ተክቶለታል።

ይህ ሲባል ግን የቆላው ሰው ማቀዝቀዝን አያውቅም ማለት አይደለም። የሸክላ ዕቃ ላቡን ሲያወጣና ላቡም በነፋስ ሲተን በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ያበርዳል። የዚህ ኃይል መጠን ግን እንደ አየሩ እርጥበት ይለያያል። አየሩ 38 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከመቶ 20 ቢሆን፣ በትነት ሊደረስበት የሚቻለው ዝቅተኛ ሙቀት 21 ዲግሪ ገደማ ነው። በዝናም ወራት አየሩ 31 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከመቶ 80 ቢሆን ግን ከ28 ዲግሪ በታች መውረድ አይቻልም። ስለዚህ እንስራ ይበልጥ የሚያገለግለው ሙቀቱ እጅግ በሚበረታበት በደረቁ ወራት ነው፤ በክረምት ግን የሚረዳው ጥቂት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለኢትኖሎጂ ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። የማይቆይ መጠጥ ለብቻ የማይጠጣ መጠጥ ነው። አንድ ቤት የጠመቀውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርስ ስለማይችል ጎረቤትን መጥራት ግድ ይሆንበታል፤ ጎረቤትም በተራው ይጠራዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዐት ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንደር አለቃ ሹመቱን የሚያጸናው ሕዝቡን በማብላትና በማጠጣት እንደ ነበረ፣ እጁ ያጠረበትም ዕለት ሊወርድ እንደሚችል ገልጿል። በደጋው ጫፍ በጫካ በሚኖሩት በማጃንግ ዘንድም ጠላ የደቦ ሥራ መጥሪያ ነው። ሙቀት ብቻውን እነዚህን ልማዶች ፈጠረ አንልም፤ በደጋም ደቦና ማኅበር አለና። ነገር ግን ሊከማች የማይችል ሀብት እንዲከፋፈል ሙቀቱ ያስገድድ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

የጋምቤላ ታሪክ ከሩቅ አገር ዕቃ ጋር የተያያዘው ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። መርከብ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በዝናም ወራት ብቻ ስለ ነበረ፣ በክረምት የገባው ዕቃ በጋውን ሁሉ በመጋዘን መክረም ነበረበት። በዚህ አየር ውስጥ ማቆየት ትልቅ ጥያቄ የሆነው እንግዲህ ከመጋዘን ጋር ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም.፣ ለጋምቤላ ቀረብ ባለው በበደሌ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ቢራ ወደ ቆላው በመኪና ይወርዳል።

የጠርሙስ ቢራ ጠባይ ከማሽላው ጠላ ፈጽሞ የተለየ ነው። የተጣራና በሙቀት የታከመ ስለ ሆነ አይሆመጥጥም፤ ነገር ግን ሙቀትና ብርሃን ያስረጁታል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኦክሲጂን ጣዕሙን የሚለውጥበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ፀሐይ የመታው ጠርሙስም መጥፎ ሽታ ያመጣል። አረፋው ደግሞ የሙቀት ተገዢ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በ0 ዲግሪ 1.7 ሊትር ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሊይዝ ሲችል በ30 ዲግሪ የሚይዘው 0.67 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የሞቀ ቢራ ሲከፈት ገንፍሎ ወዲያው የሚሞተው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በጋምቤላ ቤት ያለ ሰው ጠርሙሱን ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣራ አርቆ፣ በጨለማ፣ ከወለሉ አጠገብ አቁሞ ያኑር፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ይግዛ። ነጣ ያለውን ቢራ ከ4 እስከ 7፣ ጥቁሩን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያቅርብ። ከዚያ በታች ብርዱ ምላስን አደንዝዞ ጣዕሙን ይሰውራል፤ ከ0 በታች ጥቂት ዲግሪ ሲወርድም ቢራው ረግቶ ጠርሙሱ ሊሰበር ይችላል።

ይህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ወደ እንግዳው ፍርድ እንመለስ። የማሽላውን ጠላ በጠርሙስ ቢራ ሕግ መመዘን፣ ወይም የቆላውን ቤት በደጋው ጓዳ መመዘን ስሕተት ነው። ማቀዝቀዣ ዛሬ ለቆላው ሰው ቀድሞ ያልነበረውን ነገር ሰጥቶታል፤ ይኸውም መጠጡን ለነገ ማሳደር ነው። ከዚህ ጋር ግን ሌላም ነገር ተሰጥቶታል፤ በሩን ዘግቶ ብቻውን መጠጣት። ባለሙያዋ ሴት የማሽላውን ጠላ የምታደርስበትን ቀን ስትመርጥ የሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሒሳብ ትሠራ ነበር። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ያልሰፈረ ስለ ሆነ የሚያውቁት እናቶች ሳሉ መጠየቅና መጻፍ ይገባል።